የሄራቱ በር ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈርስ

ያኔ የሚያውቁኝ ሁሉ "ሚሊሜትር" ይሉኝ ነበር። ስሙን ያወጡልኝ ጋሽ ተስፋይ ናቸው። ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ በሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ ቤት ለሁለት ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እሳቸው የአሥመራ ሰው፣ እኔ የደሴ ልጅ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዘመን ስለሠሩ አማርኛቸው ከእኔ ይጥማል። አንድ ቀን መደርደሪያ ስሰቅል ደጋግሜ እየለካሁ አገኙኝና፣ "ይኸ ልጅ እኮ ሲሞትም መቃብሩን ሳይለካ አይገባም!" ብለው ለሰው ሁሉ አወሩ። ስሙ እዚያው ቀረ።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜን ከቤት ሲወስዱት እናቴ ለእኔ ደብተር መግዛቷን ትታ እስር ቤት የምታደርስለትን ስንቅ ማዘጋጀት ጀመረች። በሱዳን በኩል ዞሬ ሆላንድ ስገባ ይህ ነው የሚባል ሙያ አልነበረኝም። ደችኛን ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው የልጆች መጻሕፍት፣ አናጢነትን ደግሞ ሥዕል በበዛበት አንድ የእጅ ሥራ መጽሐፍ ራሴን አስተማርኩ። ብዙ አላወራም። አንድ ነገር ከሌላው ጋር በትክክል ሲገጥም ግን ደስ ይለኛል፤ ሳይገጥም ሲቀር ዕረፍት ይነሳኛል። የምነግራችሁም ሳይገጥም ስለቀረ ነገር ነው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ በሰፈራችን ቡርትሃውስ ጽዳት እሠራ ነበር። ቡርትሃውስ ማለት ሽማግሌዎች ካርታ የሚጫወቱበት፣ ሴቶች ልብስ ስፌት የሚማሩበት፣ ስደተኛው ቋንቋ የሚለማመድበት የሰፈር አዳራሽ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። በአንደኛው ቅዳሜ ኤልስ መጣች። ኤልስ ስደተኞችን የሚረዳ ማኅበር ውስጥ የምትሠራ፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ የምትቸኩል፣ በጣም ደግ ሴት ናት። ደግነቷን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ እንዳትረሱት ነው። ከኋላዋ ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌና አሥር ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ ነበሩ።

"ኡስታ ከሪም ይባላሉ" አለችኝ ኤልስ። "ከአፍጋኒስታን የመጡ ልጆችን ሥዕል ያስተምራሉ። ልጆቹ ባህላቸውን እንዳይረሱ።"

ኡስታ በእነሱ ቋንቋ የእጅ ጥበብ አለቃ ማለት ነው። ልጅቷ ዞህራ ትባላለች፤ የልጃቸው ልጅ ናት። ሽማግሌው ደችኛ ስለማያውቁ ወሬአቸው ሁሉ በእሷ አፍ ነው የሚያልፈው። አገሬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ።

"ሐበሻ ነህ ይልሃል" አለች ዞህራ። "የመጀመሪያውን አዛን፣ የሶላት ጥሪውን፣ ያሰማው ሰው አገር። ድምፅህ ጥሩ ነው ወይ ይልሃል።"

"ድምፅ የለኝም በይልኝ። ሜትርና መጋዝ ግን አለኝ።"

ነገረቻቸው። ሳቁና እጄን ጨበጡኝ። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ሐበሺ" ሆንኩ።

ኡስታ ይዘውት የመጡት አንድ ጥቅል ወረቀት ነበር። ከሰል የነካካው፣ ጠርዙ የተበላ፣ ከሩቅ ሲያዩት ቆሻሻ የሚመስል ወረቀት ነው። ወደ ብርሃን ሲያነሱት ግን ሺህ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያበራሉ። ሄራት የምትባለው ከተማቸው ውስጥ፣ የሰፈራቸው ትንሽ መስጊድ በር ዙሪያውን በሴራሚክ የተለበጠ ነበር። በሩ ላይ አንድ ሐረግ አለ። ከግራ በታች ካለች አንዲት ሥር ይነሳል፤ በአበባ መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሩን ይዞርና በቀኝ ወርዶ፣ በደፉ ሥር አልፎ፣ ተመልሶ ያችው ሥር ላይ ይገባል። አንድ ቦታ እንኳ አይቋረጥም። ደሴ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ራስጌ ላይ ያየሁትን ሐረግ አስታወሰኝ፤ እሱም እንዲህ ዓይን ይዞ ይዞራል።

በሩን ቦምብ አወረደው። ሰፈሩም አብሮ ወረደ።

ኡስታና ወንድማቸው ልጆች ሳሉ፣ አባታቸው ያንን በር ሲጠግን አብረውት ሠርተዋል። ኡስታ ታላቅ ስለሆኑ መሰላል ላይ ወጥተው ላይኛውን ክፍል፣ ታናሽየው መሬት ላይ ተንበርክኮ ታችኛውን። ከስንት ዘመን በኋላ ፓኪስታን ውስጥ፣ መጠለያ ድንኳን ሥር፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ያንን ወረቀት አብረው ሠሩት። ላዩን ኡስታ አስታወሱ፤ ታቹን ወንድምየው አስታወሰ። ወረቀቱ እንዳለቀ ወንድምየው እዚያው ካምፕ ውስጥ ሞተ።

ይህን ሁሉ ዞህራ የነገረችኝ ብስኩት እየበላች ነው።

ያንን በር ከልጆቹ ጋር እንደገና ለመሥራት ተነሳን፤ ሸክላ የምንተኩስበት ምድጃ ስላልነበረን ሸክላውን በኮምፔንሳቶ ተካነው። እኔ ቆረጥኩ፤ እያንዳንዱን ካሬ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ምላጭ እንዳያስገቡ አድርጌ አስተካከልኳቸው። ሰማንያ ያህል ይሆናሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የተበሳውን ወረቀት ካሬው ላይ ያስቀምጣሉ፤ በጨርቅ የተቋጠረ የከሰል ዱቄት ከላይ መታ መታ ያደርጉበታል። ወረቀቱ ሲነሳ እንጨቱ ላይ የነጥብ መንገድ ይቀራል። ልጆቹ ነጥቡን በብሩሽ ይከተላሉ፤ ከዚያ ሰማያዊውን፣ አረንጓዴውን፣ ወርቅማውን ይሞላሉ። ብሩሽ የማይጨብጡት የኡስታ ጣቶች ከላይ ሆነው ይጠቁማሉ።

"ቀስ! ሐረግ አይሮጥም!" ይላሉ በቋንቋቸው። ይቺን እኔም ለመድኳት።

ከሮተርዳምና ከስኪዳም የሚመጡ ደርዘን የሚሆኑ ልጆች ነበሩ። በአብዛኛው እርስ በርሳቸው የሚሰዳደቡት በደችኛ ነው። እያንዳንዳቸው በካሬአቸው ጀርባ ስማቸውን ጻፉ። ሥሯን፣ ሁሉም የሚጀመርባትንና የሚያልቅባትን ካሬ፣ የሠራችው ዞህራ ናት።

የመጨረሻው ካሬ ሲደርቅ ኡስታ ወረቀቱን ጠቅልለው ወደ ጓሮ ወጡ። የብረት ባልዲ ጠየቁኝ፤ አመጣሁላቸው። ክብሪት ሲያወጡ ነው የገባኝ።

"ዞህራ፣ ምን እየሠሩ ነው? ይተዉ በያቸው!"

"የእኛ ቤት ሥራ እንዲህ ነው ይልሃል" አለች። "በሩ ሲቆም ወረቀቱ ይቃጠላል። አለዚያ ሌላ ሰው ወስዶ ሌላ በር ላይ ያወጣዋል፤ ያኔ የሰፈራችን በር መሆኑ ይቀራል። ከወንድሜ ጋር ተማምለናል ይልሃል።"

"ኡስታ፣ ይኸ እኮ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ግድግዳ አይደለም።"

ዞህራ ስትተረጉምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ግድግዳ ይሆናል፤ አንተ ራስህ ነግረኸኛል" ብለው መለሱልኝ። እውነት ነው። ኤልስ ከአምስተርዳም አንድ የሸክላ ባለሙያ አግኝታ ነበር። ሰውየው ሙሉውን በር በዓይኑ አይቶ በካሜራው ካነሳ በኋላ፣ በእውነተኛ ሸክላ ሠርቶ በእሳት ተኩሶ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚያቆመው ቃል ገብቷል። ዴን ሃግ በሚከፈተው ኤግዚቢሽን ላይ ይመጣል። በሩ የሚያስፈልገው እስከዚያ መድረስ ብቻ ነበር።

ወረቀቱ ቶሎ ነደደ። ኡስታ ስለ ወንድማቸው ጸሎት አደረጉ።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ጋሽ ተስፋይ ከሚሠሩበት ቤት ቫን ተውሰው አጓጓዙን። መንገድ ሙሉ ሲቀልዱብኝ ነበር።

"ሚሊሜትር፣ ወገቤን ለካልኝ እስቲ፤ ሱሪዬ አልዘጋ ብሎኛል።"

"ቀስ ብለው ይንዱ ጋሼ፤ ቀለሙ ይጫራል።"

"ልጄ፣ አፍጋኒስታንን በሙሉ ጭኜ ከዚህ በላይ ቀስ ብዬ መንዳት አልችልም!"

አዳራሹ ትልቅ፣ ነጭ ግድግዳ ያለው ነበር። በሩ ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታም ስለሚታይ እያንዳንዱን ካሬ በሁለት ትናንሽ መንጠቆ አንጠለጠልኩት፤ ያለ መዶሻ እንዲወልቅ። መሰላል ላይ ሆኜ የመጨረሻውን አስገባሁ። ወርጄ አየሁት። ሐረጉ ከሥሩ ተነስቶ ዞሮ ገባ። አንድም ቦታ አልሳተም። ኡስታ ግድግዳው ሥር ተቀምጠው የታችኛውን ረድፍ በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ወንድምየው ይሠራበት የነበረውን።

ከሰዓት እንግዶች መጡ። ጋዜጠኛ መጥቶ ልጆቹን በሩ ፊት አሰልፎ ፎቶ አነሳ። የአምስተርዳሙ ሰው ባቡር ስለዘገየበት በኋላ እደርሳለሁ ብሎ ደወለ። ኤልስ ማይክራፎኑን ያዘች። ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ኡስታ ተናገረች። ከዚያ ፈገግ አለች።

"አሁን ለሁላችሁም አንድ ያልጠበቃችሁት ነገር አለኝ" አለች። "እነዚህ ልጆች ባዶ እጃቸውን መጡ እንላለን። ዛሬ ግን ሰጪዎቹ እነሱ ናቸው። ከግድግዳው ላይ እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ካሬ ውሰዱ፤ ስሙን ከጀርባው አንብቡና ልጁን ፈልጋችሁ አመስግኑት። ይህ በር ዛሬ ማታ በሰማንያ የሆላንድ ቤት ውስጥ ያድራል!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እዚህ አገር የኖረ ሰው ይህ እንዴት እንደሆነ ይገባዋል። በእነሱ ቤት አንዲት ሰማያዊ ሴራሚክ ብቻዋን ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች፤ ከአያት የተወረሰች፣ መርከብ ወይም የንፋስ ወፍጮ ያለባት። ለእነሱ አንዲት ሴራሚክ ራሷን የቻለች ነገር ናት። ኤልስ ያየችው ሰማንያ ሥዕል ነው። በር አላየችም።

ሰዎቹን ጥሼ ደረስኩባት።

"ኤልስ፣ አስቁሚያቸው። አንድ ሥዕል ነው። ከተበተነ አለቀ።"

"ግን ልጆቹን እያቸው!" አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። "እስቲ ዞር ብለህ እያቸው።"

ዞርኩ። ልጆቹ እየተሯሯጡ ነበር። "ይቺ የእኔ ናት! እዚህ፣ ስሜ ይኸው!" ይላሉ። አንዱ ልጅ የተወሰደለትን በጣቱ እየቆጠረ ሌላውን ያናድዳል፤ "የአንተን ማንም አልፈለገውም!" ክራቫት ያሰሩ ሰዎች እየጎነበሱ እጃቸውን ይጨብጧቸዋል። ግድግዳው ላይ ቀዳዳው እየሰፋ ነው።

ኡስታ አልተንቀሳቀሱም። ንግግሩ ባይገባቸውም የሆነው ገብቷቸዋል። ዞህራ አጠገባችን ስላልነበረች ከእሷ የቃረምኩትን ቃል ከእጄ ምልክት ጋር አደባልቄ፣ ማይክራፎኑን እያሳየሁ፣ "ልናገር? ላስቁም?" አልኳቸው።

እሳቸው ግን ዞህራን ነበር የሚያዩት። ሥሯን ካሬ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። አንድ ነጭ ፂም ያለው ሆላንዳዊ ሽማግሌ ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ ስሟን ደጋግሞ ለመጥራት ይሞክራል፤ ይሳሳታል፤ እሷ ታርመዋለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ያቺ ልጅ እንዲያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። ከዚያ በሁለት እጇ ዘርግታ ሰጠችው።

ኡስታ ክንዴን ያዙኝ። ሁለቱ የማይታጠፉት ጣቶች እንኳ የያዙኝ መሰለኝ። ያሉኝ አንድ ቃል ነው፤ ያንን ቃል በየቅዳሜው ልጆች ሲጣሉ ሲሉት ሰምቼዋለሁ። ተው ማለት ነው።

እኔ ግን መተው አልቻልኩም። ጋሽ ተስፋይን ጎትቼ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ትራም ማቆሚያው ላይ አንዲት ሴት ካሬዋን በሻርፕ ጠቅልላ ቆማለች።

"እመቤቴ፣ ይቅርታ" አልኳት። "ስህተት ተፈጥሯል። ያቺ የአንድ ትልቅ ሥዕል ክፋይ ናት፤ እባክሽ መልሽልኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። "ልጁ በእጁ ነው የሰጠኝ" አለች። "ነገ ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ? ከልጅ የተቀበሉት ስጦታ ይመለሳል እንዴ?"

ትራሙ መጣ። ከመስኮቱ እጇን አውለበለበችልኝ።

"ሚሊሜትር" አሉ ጋሽ ተስፋይ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም። "እኛን እኮ ክፉ ሰው ነው ያባረረን። ክፉን ሰው መሳደብ ይቻላል። እቺን ምን ትላታለህ?"

አንድ ወጣት ብቻ መለሰልን። የተቀሩት ሁሉ በጨዋነት ይዘውት ሄዱ።

የአምስተርዳሙ ሰው ካሜራውን አንግቶ ሲገባ ግድግዳው ላይ የቀረው ሰው እጁ ያልደረሰበት ላይኛው ክፍል ነበር። ከዚያ በታች ባዶ መንጠቆ ነው። ሰውየው ካሜራውን አወረደ።

"ችግር የለም" አለ። "የተበሳው ወረቀት ካለ እንደገና እናወጣዋለን። ወረቀቱ የት ነው?"

ዞህራ ለአያቷ ተረጎመች። መልሱንም ለእኛ ተረጎመች፤ በጓሮ፣ በባልዲ። ስትናገር ድምፅዋ መካከል ላይ ቀነሰ። ያኔ ነው ነገሩ የገባት ይመስለኛል። ኤልስ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር፤ ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ኡስታ መሰላሉን እንዳመጣ ጠየቁኝ፤ ላይኛዎቹን አንድ በአንድ አወረድኩላቸው። ሲቀበሉኝ እንደ መሳቅ አደረጋቸው። ዞህራ አልተረጎመችልኝም፤ ስለምናት ግን መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ፤ "የቀረልኝ እኔ የማውቀው ነው ይልሃል። የወንድሜ ሄደ።"

ከዚያ በኋላ ሞከርን። ልጆቹ ቅዳሜ ተሰብስበው ካሬአቸውን ከትዝታቸው ሳሉ። አበባውንና ቀለሙን አስታወሱ። ሐረጉ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ግን አንዳቸውም አላወቁም፤ የተከተሉት ነጥብ ነበራ። የጋዜጣው ፎቶም ተገኘ። የላዩ ክፍል ጥርት ብሎ ይታያል። የታቹን ደርዘን ፈገግ ያሉ ልጆች ከፊት ቆመው ሸፍነውታል። ኡስታ ከሰል ይዘው ከላይ ይጀምራሉ፤ ወደ ታች ሲወርዱ እጃቸው ይቆማል። በሚቀጥለው ክረምት አረፉ። ላይኛው ግማሽ እኔ ክፍል ውስጥ፣ አልጋዬ ራስጌ ነው ያለው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠብህ ብትለኝ፣ እጅ የሚጨብጠኝን ሰው ከእንግዲህ እንደ በፊቱ አላየውም። ሊያጠፋ የመጣ ሰው በሩን ሲያፈርስ ቢያንስ በር መሆኑን ያውቃል። እዚህ የፈረሰው በእልልታ ነው፤ የምከሰው ሰው የለኝም፤ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ደግሞም ወገኖቼን ሳይ እፈራለሁ። እኛም ልጆቻችንን መድረክ ላይ አውጥተን እናዘፍናለን፤ ይጨበጨባል፤ ደስ ብሎን እንሄዳለን። ሙሉውን የሚያውቀው ሽማግሌ ግን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ እንደነዚያ ያሉ ሽማግሌዎች ዘንድ እየሄድኩ እቀመጣለሁ። ወሬያቸውን ሳይሆን አሠራራቸውን እጠይቃለሁ፤ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ።

ካሬዎቹንም ፍለጋ ወጣሁ። ሱቅ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። የሚደውሉ አሉ፤ ቡናና አንድ ብስኩት ይሰጡኛል፤ ካሬውን ግን አይሰጡኝም። በስስ ወረቀት መስመሩን እንድገለብጥ ብቻ ይፈቅዱልኛል።

ባለፈው መኸር የደወለው ነጭ ፂም ያለው ሽማግሌ ነበር። ስኪዳም ነው የሚኖረው። ዞህራን ይዣት ሄድኩ፤ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስለ ኡስታ ማውራት አትወድም። ሽማግሌው አወቃት፤ ስሟንም አሁን አስተካክሎ ጠራት። ከዚያ የመጸዳጃ ቤቱን በር ከፈተልን። እዚህ አገር የዘመድ የልደት ቀን መቁጠሪያ የሚሰቀለው እዚያ ነው፤ በየቀኑ እንዲታይ። ሥሯ ካሬ ከጎኑ ተሰቅላለች። ተገልብጣ።

"በየቀኑ አያታለሁ" አለ በኩራት።

ዞህራ አወረደቻት፤ አዙራ ሰቀለቻት። እኔ ወረቀቴን አስደግፌ መስመሩን ገለበጥኩ። ሐረጉ የሚነሳበትንና የሚገባበትን አገኘሁ። መካከሉ የለም።

ስንመለስ ትራሙ ውስጥ መስኮት መስኮት እያየች ቆየች። ከዚያ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

"የዚያን ቀን አያቴ አልገባውም ነበር፣ አይደል? እኛ ልጆቹ ምን እየሰጠን እንደነበር አላየም። ቢያይ ኖሮ ያስቆመን ነበር።"

ክንዴን የያዙበት እጅ ትዝ አለኝ። እሷን ሲያዩበት የነበረው ዓይን ትዝ አለኝ።

"አልገባቸውም ነበር" አልኳት። "ወሬ ይዘው ነበር፤ አላዩም።"

ትከሻዋ ሲላላ አየሁ። ጋሽ ተስፋይ ቢሰሙ ባላመኑ፤ ሚሊሜትር ሆን ብሎ አጓደለ። እውነቱ ከላይ እንደነገርኳችሁ ነው። በአማርኛ የጻፍኩትም ዞህራ አማርኛ ስለማታነብ ነው።